20 ሴሏ ስታክና የአዲስ አበባ አየር፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ስታኩ

ስታኩ ደረሰ፣ ከሃይድሮጅን መብራት የሚያወጡ ፊውል ሴሎች ተደርድረው የታሰሩበት ማለት ነው። ኦፕን ካቶድ የሚሉት ዓይነት ነው (የአየሩ በኩል ክፍት ሆኖ በፋን የሚተነፍስ)፣ 20 ሴል አለው፣ ወረቀቱ 12 ቮልት በ8.3 አምፔር ይላል፣ በግርድፉ 100 ዋት መሆኑ ነው። ያገለገለ ስለሆነ ኮንትሮለር (ፋኑንና ቫልቮቹን የሚያዘው ቦርድ) የለውም፣ ስታኩና ጀርባው ላይ የታሰረው ፋን ብቻ። ኮንትሮለሩን ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ነው የወሰድኩት፣ ከነኮንትሮለሩ ቢሆን ዋጋው እጥፍ ሊጠጋ ነበር። ሥራው መብራት ሲጠፋ የወርክሾፑን ራውተር፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ኤልኢዲ አምፖል መያዝ ነው፣ ሁሉም ተደምሮ 40 ዋት ገደማ። ለዚህማ ሊቲየም ባትሪ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል፣ ይሻላል፣ ርካሽም ነው፣ ክርክር የለኝም። ፊውል ሴል የሚያዋጣው ብዙ ሰዓት ያለማቋረጥ መሥራት ሲያስፈልግ ነው፣ ለምሳሌ ራቅ ያለ ቦታ ላይ የቆመ የኔትወርክ ታወር፣ እዚያ ባትሪ ከመደርደር ሲሊንደር መጨመር ይቀላል። እኔ ግን ሲስተሙን እጄ ላይ ማየት ነው የፈለግኩት።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ባንዱ በኩል ሃይድሮጅን ይገባል፣ በሌላው በኩል አየር፣ መሃል ላይ ከወረቀት የሳሳ ሜምብሬን አለ። ሜምብሬኑ የሚያሳልፈው ፕሮቶን ብቻ ነው፣ ኤሌክትሮኑ በውጭ ሽቦ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ መብራታችን እሱ ነው። የሚተርፈው ውሃና ሙቀት። አንድ ሴል ሥራ ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ይሰጣል፣ 20ው ሲደረደር ከ12 እስከ 14 ቮልት። ሜምብሬኑ ደግሞ ፕሮቶን የሚያሳልፈው እርጥብ ሲሆን ነው፣ ከደረቀ ሬዚስተር ሆነ ማለት ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ከታች ያለው ጣጣ ሁሉ ከሷ ነው የሚመጣው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ጋዙ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመክረው አልሙኒየምና ኮስቲክ ሶዳ ነው። አንድ ግራም አልሙኒየም 1.2 ሊትር ገደማ ሃይድሮጅን ይሰጣል፣ ሂሳቡ ያምራል፣ ችግሩ ጋዙ የሶዳ ጭጋግ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሶዲየሙ ሜምብሬኑ ውስጥ ገብቶ የፕሮቶኑን ቦታ ይቀማል፣ አንዴ ከገባም በቀላሉ አይወጣም። ተውኩት። ሌላው ለመኪና የሚሸጠው ኤችኤችኦ የሚባለው ኪት ነው፣ መካኒኮች ያውቁታል። እሱማ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ቀላቅሎ ባንድ ቱቦ ነው የሚያወጣው፣ ስታክ ላይ ማሰር ይቅርና ክፍሉ ውስጥ አላስገባውም።

ስለዚህ ሲሊንደር። 40 ሊትር፣ 150 ባር፣ ቀዩ። ብረቱ ባዶውን 50 ኪሎ ገደማ ነው፣ ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ግን ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ያወረደልን ልጅ ምንድነው እንዲህ የከበደው አለኝ፣ ጋዙ ግማሽ ኪሎ ነው ስለው ያሾፍኩበት መሰለው። ግማሽ ኪሎዋ ግን አትናቅም፣ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 33 ኪሎዋት ሰዓት ይዟል፣ ስታኩ 40 ፐርሰንቱን ወደ መብራት ቢቀይር ካንድ ሲሊንደር 6 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። ለኔ 40 ዋት ሎድ 6 ቀን ሌት ተቀን ማለት ነው።

ንጽህናው ላይ አትቆጥቡ። ለመኪና ፊውል ሴል የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 14687፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 0.2፣ ሰልፈር ከሚሊዮን 0.004 እንዳያልፍ ነው የሚለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሴሉ ውስጥ ሪአክሽኑን የሚያፋጥነው ፕላቲነም ላይ ተለጥፎ ለሃይድሮጅኑ ቦታ ይከለክላል፣ ሰልፈር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሻጩ ጋ ያለው ተራው ይረክሳል፣ እኔ 99.999 ፐርሰንት የሚለውን ነው የወሰድኩት፣ ወደ ሁለት እጥፍ ነው ልዩነቱ።

ሬጉሌተሩ ግራ ጥርስ ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ከኦክስጅን ጋር እንዳይምታታ። ወርክሾፑ ውስጥ የሚሠራ ልጅ በቀኝ ሊያጠብቀው ሲታገል ደርሼ ነው ጥርሱ የተረፈው። ቱቦው ላይ መጀመሪያ እጄ ላይ የነበረ የቡታጋዝ ጎማ ሞከርኩ፣ 0.5 ባር ሞልቼ ቫልቮቹን ዘግቼ ሳድር ጠዋት ጌጁ ዜሮ ላይ ነበር፣ ክላምፑ ጋ የሳሙና ውሃ ሳደርግ አረፋው ደህና አድርጎ ይወጣል። ወደ 6 ሚሊሜትር የኒዩማቲክ ቱቦና የነሐስ ፊቲንግ ቀየርኩ፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን፣ አሁን ሲያድር ጌጁ ከቦታው አይነቃነቅም።

ክፍሉን በተመለከተ፦ ሃይድሮጅን ከአየር በጣም ስለሚቀል ሽቅብ ነው የሚሄደው፣ የኛ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ጫፉ ላይ የሚጠራቀምበት ሶስት ማዕዘን አለ። እዚያ በሁለቱም በኩል ላሜራ ቆርጠን ወንፊት ገጠምንበት፣ ኤምኪው 8 የሚባለውን ርካሽ ሴንሰር እዚያው አናት ላይ ሰቀልኩት፣ ጮሆ ሲነሳ ሶሌኖይዱን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን የጋዝ ቫልቭ) ይዘጋዋል። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 ፐርሰንት ባለው መጠን ሁሉ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ኮንትሮለር ቁጥር አንድ

አርዱዪኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ የፋኑን ፍጥነት የሚወስን ፒደብሊውኤም፣ ሙቀት የሚለካ ስታኩ መሃል የተሰካ ቴርሚስተር፣ ከረንት የሚለካ ሆል ሴንሰር፣ ሁለት ሶሌኖይድ ቫልቭ (አንዱ መግቢያ፣ አንዱ ፐርጅ)፣ ሎዱን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ሞስፌት። ከቫልቮቹ በቀር ሁሉም መርካቶ ተገኘ።

ፐርጅ ምንድነው፦ የሃይድሮጅኑ በኩል መጨረሻው ዝግ ነው፣ ጋዙ ገብቶ እዚያው ያልቃል። ግን ከአየሩ በኩል ናይትሮጅን በሜምብሬኑ ሾልኮ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፣ ውሃም እንደዚሁ፣ ስለዚህ በየጊዜው ቫልቩን ብልጭ አድርጎ መክፈትና ማስወጣት ያስፈልጋል። ለጊዜው የተለመደውን ሴቲንግ ሰጠሁት፣ በየ10 ሰከንዱ ለ100 ሚሊሰከንድ።

ጠዋት አስነሳሁት፣ ያለ ሎድ 18.9 ቮልት። ደስ አለኝ። የመኪና አምፖል ሰቅዬ 3 አምፔር ላይ 13.6፣ 5 አምፔር ላይ 12.9። ሰው ሁሉ መጥቶ አየው፣ ጭስ የለው ድምፅ የለው፣ ፋኑ ብቻ ነው የሚሰማው፣ የፐርጁን ጫፍ ወደ ውጭ ባወጣሁት ቱቦ ላይ የውሃ ጠብታ ይንጠባጠባል።

ከሰዓት በኋላ ያንኑ ደግሜ ሞከርኩ። 5 አምፔር ላይ 12.9 አልመጣም፣ 12.1 ሆኖ ጀመረ፣ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ 10.4። 6 አምፔር ልሰጠው ስል 10 ቮልት ነካና መከላከያው ቆረጠው። ጋዙ ያው ነው፣ ቫልቩ ያው ነው፣ የተለወጠው የክፍሉ አየር ብቻ ነው፦ ጠዋት 58 ፐርሰንት የነበረው እርጥበት 27 ደርሷል።

ኅዳር፣ ሂሳቡን መሥራት ግድ ሆነ

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኦክስጅኑን ነበር። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፣ ባህር ዳርቻ ላይ 101 የሆነው። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ቀንሷል፣ 21 ኪሎፓስካል የነበረው ወደ 16። ወረቀቱ ላይ ያለው 100 ዋት የተለካው ደግሞ ባህር ጠለል ላይ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ኦክስጅን ነው ብዬ ነበር፣ ግን የኔርንስትን ቀመር (የጋዝ ግፊት ሲለወጥ የሴሉ ቮልቴጅ ስንት እንደሚለወጥ የሚያሰላውን) ስሠራው የሚጠፋው ቮልቴጅ በአንድ ሴል 2 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ የሪአክሽኑን መንቀርፈፍ ሲጨምሩበት ከ10 ሚሊቮልት ብዙ አይርቅም። 20 ሴል ላይ 0.2 ቮልት። የኔ ደግሞ 2.5 ቮልት ነው የጠፋው። በዚያ ላይ ጠዋትም ከሰዓትም ከፍታው ያው ነው።

የቀረው ውሃ ነው። ኦፕን ካቶድ ላይ ያው አንዱ ፋን ሁለት ሥራ ነው ያለው፣ ኦክስጅን ያመጣል፣ ሙቀት ይወስዳል። ለኦክስጅን የሚያስፈልገው በጣም ትንሽ ነው፣ 5 አምፔር ላይ ስታኩ የሚበላው በደቂቃ 1.7 ሊትር አየር ብቻ ነው (በኖርማል ሁኔታ ሲሰላ)። ሙቀቱ ግን 60 ዋት ነው። በኛ አየር ክብደት፣ በኪዩብ ሜትር 0.91 ኪሎ፣ ያንን 60 ዋት 20 ዲግሪ በማሞቅ ለማውጣት በሰዓት 12 ኪዩብ ሜትር መንፋት አለብኝ፣ ያውም 100 እጥፍ ማለት ነው ከሚበላው። ባህር ጠለል ላይ አየሩ 1.19 ኪሎ ስለሆነ 9 ኪዩብ ሜትር ይበቃ ነበር። ማለት እኛ ጋ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት 30 ፐርሰንት ተጨማሪ አየር በስታኩ ውስጥ እናሳልፋለን፣ እያንዳንዱ ኪዩብ ሜትር ደግሞ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው።

ስታኩ 5 አምፔር ላይ በሰዓት የሚያመርተው ውሃ 34 ግራም ነው። በ12 ኪዩብ ሜትር ሲካፈል 3 ግራም አይሞላም። 45 ዲግሪ ላይ ያለ አየር በኪዩብ ሜትር 65 ግራም መያዝ ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ የሚገባው 6 ግራም ብቻ ይዞ ነው። በቃ ጠምቶት ነው የሚያልፈው፣ ያገኘውን ሁሉ ከሜምብሬኑ ይመጥጣል። ሜምብሬኑ ሲደርቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ኮንትሮለሬ ደግሞ ሙቀት ጨመረ ብሎ ፋኑን ያፈጥናል፣ ያ ደግሞ የበለጠ ያደርቀዋል። ቁልቁል የወረደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፦ እዚህ ከፍታ ላይ፣ በበጋ፣ ይሄን ዓይነት ስታክ የሚያስነሳ ሰው ስለ ፕላቲነምና ስለ ኦክስጅን ሳይሆን መጀመሪያ ስለ ውሃ ያስብ። ኦንላይን ያለው ምክር ሁሉ ባህር ጠለል ላይ፣ ርጥብ አገር ላይ የተጻፈ ነው፣ "ውሃ እንዳይሞላበት ተጠንቀቁ" ነው የሚለው። የኛው ተቃራኒው ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ሌሎች ምን አደረጉ

መኪና ሠሪዎቹ ያንኑ ችግር እንዴት እንደፈቱት ሳይ ነበር። ሆንዳ ክላሪቲ ላይ (እኤአ 2016) ባለሁለት ደረጃ ኤሌክትሪክ ቱርቦ ኮምፕረሰር አለ፣ የሚሰጠው የአየር ግፊት ከቀድሞው ሞዴል 1.7 እጥፍ ነው። ግፊት ሲጨምር አየሩ በዚያው የውሃ መጠን በቀላሉ ይጠግባል፣ ኦክስጅኑም ይበዛል። ለ100 ዋት ስታክ ግን ኮምፕረሰሩ ራሱ ያመረትኩትን በልቶ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ከፍታውን በኮምፕረሰር መመለስ የሚባለው ለኔ አይሆንም።

በጣም የወደድኩት የቶዮታ ሚራይን ነው። እኤአ በ2014 መጨረሻ ሲወጣ 370 ሴል፣ 114 ኪሎዋት ነበር፣ እና ሂውሚዲፋየሩን (የሚገባውን አየር የሚያረጥበውን) ጨርሶ አውጥተው ጣሉት። ከባድና ውድ ዕቃ ነው እኮ። ያደረጉት፦ ሜምብሬኑን አሳሱት፣ ስለዚህ አየሩ በኩል የሚፈጠረው ውሃ ወደ ሃይድሮጅኑ በኩል በቀላሉ ይመለሳል፣ ሃይድሮጅኑንና አየሩን በተቃራኒ አቅጣጫ አስኬዱት፣ ያልተበላውን ሃይድሮጅን ደግሞ በፓምፕ መልሰው ያዞሩታል፣ እርጥበቱን ይዞ ደረቁን ጫፍ ያጠጣል። ስታኩ ራሱ ያመረተውን ውሃ መልሶ ይጠጣል ማለት ነው። ቀጣዩ ሚራይ 330 ሴል ሆኖ 128 ኪሎዋት ነው፣ ሴል ቀንሶ ጉልበት ጨመረ። ከሚራይ የምሰርቀው ሃሳብ አንድ ብቻ ነው፣ የራስን ውሃ አለመጣል።

ታኅሣሥ፣ የሚወጣውን አየር መመለስ

ከፋኑ የሚወጣውን እርጥብ አየር በከፊል ወደ መግቢያው መለስኩት። ከካርቶን ሞዴል ሠራሁ፣ ሲሠራ ሳየው በላሜራ አሠራሁት፣ መሃሉ ላይ በሰርቮ ሞተር የሚዞር ክዳን አለ። ክዳኑ 70 ፐርሰንት ሲመልስ አዲስ የሚገባው በሰዓት 3.6 ኪዩብ ሜትር ይሆናል፣ 34 ግራሟ ውሃ በዚያ ላይ ስትካፈል 9 ግራም ትጨምራለች፣ ደህና ነው።

ግን ሙቀቱስ? 60 ዋት በ3.6 ኪዩብ ሜትር አየር ሊወጣ አይችልም፣ አየሩ 66 ዲግሪ መሞቅ አለበት፣ ስታኩ ከ65 በላይ መሄድ ክልክል ነው። ቀመሩ እንዳለውም ሆነ፣ 2 አምፔር ላይ ግሩም ነው፣ ከ3 በላይ ሲሆን ሙቀቱ ሽቅብ ይሮጣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ እርጥበቱ ይጠፋል። ሙቀቱና ውሃው የሚወጡት ባንድ በር ነው።

ቢሆንም አልጣልኩትም። የታኅሣሥ ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ 9 ዲግሪ ነው፣ ስታኩ ሲቀዘቅዝ እየተንቀራፈፈ ነው የሚነሳው፣ ክዳኑን ዘግቼ ሳስነሳው የራሱን ሙቀት መልሶ እየተነፈሰ በደቂቃዎች ውስጥ 30 ይደርሳል። አሁን ለዚህ ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ፓዱ

ሙቀቱንም ድርቀቱንም ባንዴ የሚፈታው ውሃ መግቢያው ላይ ማትነን ነው። ከተበላሸ ኤር ኩለር ላይ ያ እንደ ቀፎ የተጣጠፈውን የወረቀት ፓድ ቆርጬ አወጣሁ፣ ከፋኑ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት፣ ከላይ በቀጭን ቱቦ ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ ከሥር ጣሳ። ከሰዓት በኋላ የሚገባው አየር 25 ዲግሪ፣ 27 ፐርሰንት፤ ከፓዱ ሲወጣ 17 ዲግሪ፣ 65 ፐርሰንት። ቀዝቅዞም እርጥብ ሆኖም ነው የሚገባው። ቀዝቃዛ ስለሆነ ፋኑ ዝግ ብሎ ቢዞር ይበቃዋል፣ ዝግ ሲል ደግሞ ማድረቁ ይቀንሳል። ቅድም ቁልቁል ያወረደኝ ዙር አሁን ሽቅብ ወሰደኝ።

ውጤቱ፣ በዚያው በደረቁ ከሰዓት፦ 5 አምፔር ላይ 12.8 ቆሞ ቀረ፣ ሰዓት ሙሉ አልወረደም። 7.4 አምፔር ላይ 12 ቮልት፣ 89 ዋት። 100ዋ አልመጣችም፣ ከኦክስጅኑ አንጻር የምጠብቃትም አይደለሁም።

ጣጣዎቹ፦ የቧንቧ ውሃ ስጠቀም ፓዱ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ተጋገረ፣ ያ ዱቄት በፋኑ ተስቦ ወደ ስታኩ ሊገባ ነው። ወደ ባትሪ ውሃ ቀየርኩ፣ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው፣ ግን ጠርሙሱን ሁሉ በቲዲኤስ ሜትር (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው በሚለካው) ለኩ፣ አንዱ ብራንድ ዜሮ ሲል ሌላው የቧንቧ ውሃ ነው ማለት ይቻላል፣ ደግሞ አሲድ የገባበት እንዳይሆን ጽሑፉን አንብቡ። በሰዓት 50 ግራም ገደማ ነው የሚጠጣው፣ አንድ ሊትር ቀኑን ሙሉ ያውላል። ሌላው ፋኑ ባንዴ ሲፈጥን ከፓዱ ጠብታ ነጥቆ ይወስዳል፣ ፓዱን ከስታኩ 8 ሴንቲሜትር አራቅኩትና መሃል ላይ የትንኝ መረብ ወጠርኩ።

ጥር፣ ሴል በሴል ማየት

አጠቃላዩ ቮልቴጅ ይዋሻል። 12.8 ሲል 19 ሴል ደህና ሆኖ አንዱ ሊሞት ሲል ሊሆን ይችላል። አንድ ሴል ሃይድሮጅን ካጠረው ሌሎቹ ከረንቱን ገፍተው ያሳልፉበታል፣ ቮልቴጁ ኔጋቲቭ ይገባል፣ ከዚያ ካርቦኑ ራሱ መበላት ይጀምራል፣ መመለሻ የለውም።

የመጀመሪያው ሙከራ ሬዚስተር ዲቫይደር (ቮልቴጁን በሬዚስተር ከፋፍሎ ዝቅ ማድረግ) ነበር፣ በየሴሉ ከግራውንድ ለክቶ መቀናነስ። 1 ፐርሰንት ሬዚስተር ይዞ 18 ቮልት ሲለካ ስህተቱ ራሱ ከመቶ ሚሊቮልት በላይ ነው፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ 0.65 የነበረው 0.60 ሲሆን ማወቅ ነው። አንዱ ሴል 1.3 ቮልት አለኝ፣ ይሄማ በተፈጥሮም አይሆንም። የሊቲየም ቢኤምኤስ ቺፕ (የባትሪ ሴሎችን የሚከታተል) ሞክር ያለኝ ሰው ነበር፣ እነሱ ከ2 ቮልት በላይ ያለ ሴል ጠብቀው የተሠሩ ናቸው፣ 0.6 ሲያዩ ባትሪው ሞቷል ነው የሚሉት።

የሠራው፦ በሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሁለቱን የሴል ጫፍ ብቻ ይዞ፣ ለብቻው ከተነጠለ 5 ቮልት በሚነዳ 16 ቢት ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር በሚቀይር ቺፕ) መለካት። ሪሌዮቹን ከድሮ ፋክስ ሞደም ካርዶች ላይ ነቀልኳቸው፣ የስልክ መስመሩን የሚያነሱት ትናንሽ ባለ 6 እግር ናቸው። መርካቶ ያረጁ ካርዶች በኪሎ ነው የሚሸጡት። አልበቁም፣ የቀረውን ገዛሁ። እያንዳንዱን ሴል ለመያዝ ግራፋይት ሳህኑ ጎን ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ የመርፌ ፒን ይገባል፣ ካውያ እዚያ ማስጠጋት የለም፣ ግራፋይት ስታኛ አይዝም፣ ሜምብሬኑም ይቀልጣል።

ስክሪኑ ላይ 20 መስመር ሲወጣ ነገሩ ገባኝ። ሴል 20፣ የጋዙ መጨረሻ ጫፍ ላይ ያለው፣ ፐርጅ ሳይደረግ ሲቆይ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፦ 0.67፣ 0.66፣ 0.64፣ 0.59፣ ከዚያ ቫልቩ ጠቅ ይልና 0.67 ይመለሳል። ናይትሮጅኑ ሲከማች በዓይን ማየት ማለት ነው። ሴል 17 ግን ፐርጅ ሲደረግም አይነሳም፣ ሁልጊዜ ከጎረቤቶቹ በ40 ሚሊቮልት ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

ይሄ ከታየ በኋላ ፐርጁን ጊዜ ቆጥሮ ማድረግ ትርጉም አልነበረውም። ናይትሮጅኑ በየ10 ሰከንዱ ያን ያህል አይገባም፣ እኔ ጋዝ ነው ስረጭ የነበረው። የተዋስኩት ፍሎ ሜትር ላይ 3.3 አምፔር ሲሠራ በደቂቃ 560 ሚሊሊትር ይላል፣ ቀመሩ (በአንድ ሴል በአንድ አምፔር 7 ሚሊሊትር) 460 ነው የሚለው። 100ዋ በፐርጅ ወደ ሰማይ ነው የምትሄደው። አሁን ከረንቱን ደምሮ በየ1,000 አምፔር ሰከንዱ ይከፍታል፣ ወይም ሴል 20 ከአማካዩ 50 ሚሊቮልት ከወረደ ቀድሞ ይከፍታል። ፍጆታው 470 ሆነ። ለ40 ዋት የተጣራ ሎድ ኤፊሸንሲው ከ40 ወደ 47 ፐርሰንት ወጣ፣ ሲሊንደሩም 6 የነበረው ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ተጠጋ። ከጻፍኩት ኮድ ሁሉ ይሄ 20 መስመር ነው ገንዘቡን የመለሰልኝ።

ጥር፣ ሾርት ማድረግ የሚባለው

ከፋብሪካ የሚመጡ ኮንትሮለሮች ስታኩን በየተወሰነ ሰከንዱ ለ100 ሚሊሰከንድ ሾርት ያደርጉታል፣ ውሃ ቶሎ እንዲፈጠርና ፕላቲነሙ ላይ ያለው ኦክሳይድ እንዲነሳ ነው። ሎዱ እንዳይጠፋ መሃል ላይ ሱፐር ካፓሲተር (ለሰከንዶች ኃይል የሚይዝ) እና ዳዮድ ያስፈልጋል። ሠራሁት፣ ሞስፌቱ ወዲያው ተቃጠለ፣ ቀየርኩት፣ እሱም ተቃጠለ። አንዱ 150 ብር ገደማ ነው፣ ገንዘቡ ሳይሆን ምክንያቱ ነው ያናደደኝ፦ ከስታኩ እስከ ቦርዱ ያለው ሽቦ ግማሽ ሜትር ነበር፣ ከረንቱ ባንዴ ሲቆረጥ ሽቦው ራሱ ቮልቴጅ ይተፋል። ሽቦውን 8 ሴንቲሜትር አደረግኩት፣ ይቺን ድንገተኛ ቮልቴጅ የሚውጥ ቲቪኤስ ዳዮድ ጨመርኩ፣ ከዚያ ወዲህ አልሞተም።

ጥቅሙ? ካንድ ጊዜ ሾርት በኋላ ቮልቴጁ ግማሽ ቮልት ያህል ይነሳና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ፓዱ ካለ ልዩነቱ አይታየኝም። ለብዙ ቀን ተቀምጦ ሲነሳ ብቻ ነው የማበራው።

የካቲት፣ ወጪና አሁን ያለበት

ከጠቅላላው ወጪ ስታኩ ግማሹን በላ፣ ቀጥሎ ሬጉሌተሩ፣ ቀጥሎ የሲሊንደሩ ማስያዣ። ኤሌክትሮኒክሱ ሁሉ ተደምሮ ሬጉሌተሩን አያክልም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ውጭ የሚገዛ ዕቃ በብር አስቤ መጻፍ ትቻለሁ፣ ስለዚህ እዚህ ቁጥር አልደረድርም። ፕላቲነሙ ውድ ስለሆነ ነው ወይ የሚለኝ ሰው አለ፣ ድሮ በስኩዌር ሴንቲሜትር 4 ሚሊግራም ይፈጅ የነበረው አሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ውስጥ እኤአ በ1980ዎቹ በተሠራው ሥራ ወደ 0.4 ወርዷል፣ በኔ ስታክ መጠን ፕላቲነሙ ብቻውን ዋጋውን አያስረዳም፣ በትንሽ ቁጥር መመረቱ ነው።

ሰሞኑን መብራት ሲጠፋ በራሱ ይነሳል። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ሱፐር ካፓሲተሩ ይይዛል፣ ራውተሩ ሪስታርት አያደርግም። ፓዱን በሳምንት አንዴ አጥባለሁ፣ አቧራው ጉድ ነው።

የቀረው ሴል 17 ነው። ወይ ጓርኒሲዮኑ ትንሽ ያሳልፋል ወይ መጨበጫ ቡሎኖቹ እኩል አልጠበቁም፣ ያገለገለ ስታክ ስለሆነ ማን እንደከፈተው አይታወቅም። ስታኩን ሳልፈታ መጀመሪያ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ አካሄድ እኩል ላደርጋቸው ነው፣ በዓይን ግምትና በካቻቢቴ ግን አልነካውም፣ ግራፋይቱ ከተሰነጠቀ አለቀ። በኒውተን ሜትር ቤት የሚሠራ ትንሽ ቶርክ ሬንች እፈልጋለሁ፣ የመኪናው በጣም ትልቅ ነው። ብስክሌት የሚጠግን ሰው ጋ አለ ተብያለሁ፣ ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ።